የግራንድ ጁሪ መጥሪያ ሲደርስዎ፦ ስምዎ እንዴት እንደሚወጣና ደረጃ በደረጃ ምን እንደሚያደርጉ

“ከፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣልኝ፣ ግራንድ ጁሪ ይላል፤ ተከስሼ ይሆን እንዴ?” “እኔ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፣ ለምን ላኩልኝ?” “እንግሊዝኛ አልችልም ብል ይተዉኛል?” አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁን መልሱን ከነአሠራሩ እዚህ አስቀምጠነዋል። አብዛኛው የሚመለከተው የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ነው። ደብዳቤው ከስቴት ወይም ከካውንቲ ፍርድ ቤት ከመጣ ደረጃዎቹ ይመሳሰላሉ፣ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ፤ ስለ ልዩነቱ ወደ መጨረሻው አካባቢ ጽፈናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፦ የጁሪ መጥሪያ ክስ አይደለም። ግራንድ ጁሪ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበውን ማስረጃ ሰምተው “ይህን ሰው ለመክሰስ በቂ ምክንያት አለ ወይስ የለም” የሚለውን የሚወስኑ ተራ ዜጎች የሚሰበሰቡበት ነው። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብሎ አይፈርድም፤ ያ የችሎት ጁሪ ሥራ ነው። በፌዴራል ደረጃ አባላቱ ከ16 እስከ 23 ናቸው፤ ክስ እንዲመሠረት ቢያንስ 12ቱ መስማማት አለባቸው። እርስዎም የተጠሩት ከእነዚህ አባላት አንዱ ለመሆን ነው።

ስምዎ ከየት ተገኘ?

በ1968 የወጣው የፌዴራል የጁሪ ምርጫ ሕግ ስሞች በዕጣ እንዲወጡ ያዛል። መነሻው የመራጮች መዝገብ ነው፤ ብዙ ፍርድ ቤቶች የዲኤምቪን የመንጃ ፈቃድና የመታወቂያ ዝርዝርም ይጨምሩበታል። ከዚያ ስሞች በዕጣ ተመርጠው ወደ አንድ ዋና ቋት ይገባሉ። ቋቱ ቢያንስ በየአራት ዓመቱ ባዶ ተደርጎ እንደገና ይሞላል፤ ቤት የቀየረ ሰው ደብዳቤው ወደ ድሮ አድራሻው የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዋናው ቋት ለወጡት ሰዎች የብቃት መጠይቅ ይላካል። ሞልተው ከመለሱት መካከል ብቁ የሆኑት ሁለተኛ ቋት ውስጥ ይገባሉ። አዲስ ግራንድ ጁሪ ሲያስፈልግ ከዚህ ከሁለተኛው ቋት እንደገና ዕጣ ይወጣና መጥሪያ ይላካል። መጥሪያ የደረሰው ሁሉ ይመረጣል ማለትም አይደለም፤ በመቅረቢያው ቀን ሌላ ማጣሪያ አለ። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ሁለቱን ደረጃ አጥፈው መጠይቁንና መጥሪያውን በአንድ ፖስታ ይልካሉ።

ስለዚህ የዜግነት ቃለ መሐላ በፈጸመበት ዕለት እዚያው የመራጭነት ቅጽ የሞላ ሰው ለዕጣውም ስሙን ሰጥቷል። በሌላ በኩል የዲኤምቪ ዝርዝር ዜጋ ያልሆኑ ሰዎችንም ስለሚይዝ፣ ግሪን ካርድ ላለው ሰው መጠይቅ መምጣቱ የሚገርም አይደለም። ዜጋውን ዜጋ ካልሆነው የሚለየው መጠይቁ ራሱ ነው። “ለምርጫ ካልተመዘገብኩ አይጠሩኝም” የሚለው ወሬም ዲኤምቪን በሚጠቀሙ ፍርድ ቤቶች ዘንድ አይሠራም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብዳቤው ራሱ፣ ከነፖስታው። በላዩ ላይ የታተመው የጁሪ ቁጥር ለሁሉም ነገር ያስፈልጋል።
- ፎቶ ያለው መታወቂያ።
- ስምዎና የትውልድ ቀንዎ በትክክል የተጻፈበት ሰነድ፤ ፓስፖርት ወይም የዜግነት ሰርተፊኬት ይበቃል።
- ጥቁር ወይም ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ወይም ኢንተርኔት ያለው ኮምፒዩተር።
- ቀኑ እንዲዛወር ወይም እንዲተዉ የሚጠይቁ ከሆነ ማስረጃው፦ የሐኪም ደብዳቤ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ፕሮግራም።
- የሞሉት ቅጽ ቅጂ ወይም የስልክ ፎቶ። “አልደረሰንም” ቢሉ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ደረጃ 1፦ የመጣው ወረቀት ምን እንደሆነ ይለዩ

ወረቀቱ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው የብቃት መጠይቅ ነው፤ ጥያቄዎች አሉት፣ የመቅረቢያ ቀን ግን የለውም። ሁለተኛው የጁሪ መጥሪያ ነው፤ የት፣ መቼና በስንት ሰዓት እንደሚቀርቡ ይናገራል።

ሦስተኛው ሰብፒና ነው፤ እሱ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ለምስክርነት እንዲቀርቡ ወይም የባንክ፣ የሥራ ወይም የስልክ ሰነድ ለግራንድ ጁሪ እንዲያስረክቡ የሚያዝ ትእዛዝ ነው። “ግራንድ ጁሪ” የሚለው ስም በሁለቱም ላይ ስላለ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ወረቀቱ እንዲመሰክሩ ወይም ሰነድ እንዲያመጡ የሚል ከሆነ ይህን መመሪያ እዚህ ላይ ያቁሙና ለማንም መልስ ከመስጠትዎ በፊት የወንጀል ጠበቃ ያነጋግሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ “ጁሪ ላይ ስላልቀረብክ የእስር ማዘዣ ወጥቶብሃል፤ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ወይም በዜል ክፈል” የሚል ስልክ ቢደወልልዎ ሌባ ነው። ፍርድ ቤት በስልክ ገንዘብም ሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጠይቅም። የደወለው ሰው የባጅ ቁጥርና የእውነተኛ ዳኛ ስም ቢጠራም አይመኑ። ስልኩን ይዝጉና የፍርድ ቤቱን ቁጥር ራስዎ ፈልገው ይደውሉ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ይቁጠሩ

የፌዴራል መጠይቅ በ10 ቀን ውስጥ ተሞልቶ መመለስ አለበት። ፖስታው ሳጥን ውስጥ የከረመበት ጊዜም ያልፋልና በተከፈተ ዕለት መሙላቱ ይሻላል። ካልመለሱ ፍርድ ቤቱ በአካል ቀርበው እንዲሞሉ ሊያዝ ይችላል።

አብዛኞቹ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በኢንተርኔት መመለስን ይፈቅዳሉ። መግቢያው ከጁሪ ቁጥርዎ ጋር የቤተሰብ ስምንና የትውልድ ቀንን የመሰለ መረጃ ይጠይቃል። የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበው የአባት ይሁን የአያት ስም ደብዳቤው ላይ አይተው፣ እዚያ በተጻፈበት ፊደል ልክ ያስገቡ፤ ስህተት ቢኖረው እንኳ መጀመሪያ ስህተቱን ይዘው ይግቡ፣ ማረሚያው ቅጹ ውስጥ ነው። ቀኑ የሚጻፈው ወር፣ ቀን፣ ዓመት ተብሎ ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ራስዎ አስልተው አዲስ ቀን አይጻፉ፤ ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ይጠቀሙ።

ስምዎ ዲኤምቪ ላይ አንድ ዓይነት፣ የመራጮች መዝገብ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ከሆነ ሁለት መጠይቅ ሊመጣልዎ ይችላል። አንዱን ሞልተው ሌላውን አይጣሉት። ለጁሪ ቢሮው ደውለው ሁለቱም ቁጥሮች የአንድ ሰው መሆናቸውን ይንገሩ፤ አለዚያ ያልተመለሰው ቁጥር እንደ እምቢተኛ ይቆጠራል።

ደረጃ 3፦ ቅጹን በእውነት ይሙሉ

የሚፈርሙት በሐሰት ብናገር እቀጣለሁ ብለው ነው። ጁሪ ለመቅረትም ሆነ ለመግባት ሆን ብሎ መዋሸት እስከ 1,000 ዶላር፣ እስከ 3 ቀን እስራት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም እነዚህን በአንድነት ያስቀጣል።

ዜግነት። ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ሳጥን ነው። ግሪን ካርድ፣ ጥገኝነት ወይም የሥራ ፈቃድ ብቻ ካለዎት መልሱ “አይደለሁም” ነው። ማመልከቻ አስገብተው ቃለ መሐላውን እየጠበቁ ቢሆንም ገና ዜጋ አይደሉም። ቅጹን “እኔን አይመለከተኝም” ብለው አይጣሉት፤ ሞልተው ይመልሱ፣ ማስረጃ ከጠየቁም የግሪን ካርዱን ቅጂ ይላኩ። በችኮላ ወይም ልጅ ሞልቶልዎ “ዜጋ ነኝ” የሚለው ላይ ምልክት ከተደረገ ነገሩ ከጁሪ ያልፋል፦ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር ሊያስወጣ፣ የዜግነት ማመልከቻንም ሊያበላሽ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ማረሚያ ከመላክዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ተቃራኒውም ያስቸግራል። ዜጋ ሆኖ ሳለ ለመቅረት ብሎ “አይደለሁም” የሚል ሰው አለ። በአንዳንድ ስቴቶች፣ ለምሳሌ በቴክሳስ፣ ዜጋ ባለመሆናቸው ከጁሪ የተተዉ ሰዎች ስም ለምርጫ ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል። ያ ሰው ውሸቱ ሳያንሰው ከመራጮች መዝገብም ሊሰረዝ ይችላል።

የአሜሪካ ዜግነት ይዘው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ያወጡ ሰዎች መልሳቸው “ነኝ” ነው። ቢጫ ካርዱ ከጁሪ ግዴታ ነፃ አያደርግም።

መኖሪያ። በፍርድ ቤቱ ዲስትሪክት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት በዋናነት የኖሩ መሆን አለብዎ። ወደ ሌላ ስቴት ከተዛወሩ አዲሱን አድራሻና የተዛወሩበትን ቀን ይጻፉ። አሜሪካዊ ሆነው ዋናው ኑሮዎ አዲስ አበባ ከሆነና ደብዳቤው የመጣው በዘመድ ቤት ከሆነ ያንኑ እንዳለ ይግለጹ፤ ዘመድዎ በእርስዎ ስም ፈርሞ አይላክ።

እንግሊዝኛ። ሕጉ የሚለካው መጠይቁን በአግባቡ ለመሙላት የሚበቃ የማንበብ፣ የመጻፍና የመረዳት ችሎታ መኖሩንና ቋንቋውን መናገር መቻልዎን ነው። የአነጋገር ዘዬ ወይም የሰዋስው ጥራት አይጠየቅም። ሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ ኢሜይል እየጻፉ “አልችልም” ማለት ከላይ ያልነው ውሸት ነው። በሌላ በኩል በ50 ዓመት ዕድሜ ከ20 ዓመት ግሪን ካርድ ጋር፣ ወይም በ55 ዓመት ከ15 ዓመት ግሪን ካርድ ጋር የዜግነት ፈተናውን በአማርኛ የወሰዱ እናትና አባቶች አሉ። እነሱ ዜጋ ናቸው፣ እንግሊዝኛቸው ግን ላይበቃ ይችላል፤ ይህንኑ ሳያፍሩ ይጻፉ። ፍርድ ቤቱ ለጁሪ አባል የአማርኛ አስተርጓሚ አያቀርብም። መስማት ለተሳነው አባል ግን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ግራንድ ጁሪው ክፍል ድረስ ይገባል።

ልጅ ለወላጅ የሚሞላ ከሆነ ሕጉ ይፈቅዳል። ነገር ግን የሞላው ሰው እሱ መሙላቱንና ምክንያቱን ቅጹ ላይ መግለጽ አለበት። ይህ ሲዘለል ጥሩ እንግሊዝኛ ያለው የተሟላ ቅጽ ይደርሳቸውና እናትዎን “ብቁ” ብለው ይጠሯቸዋል።

የወንጀል መዝገብ። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል አሁን ተከሰው ከሆነ ወይም ቀድሞ ተፈርዶብዎ የዜግነት መብትዎ በሕግ ካልተመለሰ ብቁ አይደሉም። የትራፊክ ቅጣት እዚህ አይገባም።

ጤና። በሽታውን ብቻ ሳይሆን ለምን ማገልገል እንደማያስችልዎ የሐኪም ደብዳቤ ይግለጽ። “ስኳር አለበት” የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ “ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ አይችልም” የሚለው ይሠራል።

በሕግ ነፃ የሆኑ። በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮች፣ የሙሉ ጊዜ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በሙሉ ጊዜ የሚሠሩ የመንግሥት ባለሥልጣናት አይጠሩም። ባለሥልጣን ሲባል የተመረጠ ወይም በተመራጭ የተሾመ ማለት ነው፤ ፖስታ ቤት ወይም ዲኤምቪ የሚሠራ ሰው በዚህ ነፃ አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ካልተመቸዎ በጊዜ ይጠይቁ

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፦ ቀኑ እንዲዛወርልዎ መጠየቅና ጨርሶ እንዲተዉዎ መጠየቅ። የመጀመሪያው በቀላሉ ይፈቀዳል፤ ሁለተኛው ጠንካራ ማስረጃ ይፈልጋል። ግራንድ ጁሪ ረጅም ስለሆነ የትኛውን እንደሚጠይቁ አስቀድመው ይወስኑ። መደበኛ የፌዴራል ግራንድ ጁሪ እስከ 18 ወር ይቆያል፣ ፍርድ ቤቱ እስከ 6 ወር ሊያራዝመው ይችላል። በየቀኑ ግን አይደለም፤ እንደ ዲስትሪክቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ወይም በወር ጥቂት ቀናት ይሰበሰባል። ጥያቄዎን ከመጻፍዎ በፊት ለጁሪ ቢሮው ደውለው “ይህ ጁሪ በየስንት ቀኑ ነው የሚሰበሰበው?” ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሰው 18 ወር የሚለውን ብቻ አይቶ ይደነግጣል።

ብዙ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሲጠየቁ የሚተዉት ከ70 ዓመት በላይ የሆኑትን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት በፌዴራል ጁሪ ያገለገሉትንና የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ወይም አምቡላንስ ሠራተኞችን ነው። ሲጠየቁ ማለታችንን ያስተውሉ፤ 75 ዓመት የሞላቸው አባት ካልጠየቁ ይጠራሉ።

ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ከባድ ችግር መኖሩን ማሳየት ነው። በጽሑፍ ሲያቀርቡ የጁሪ ቁጥርዎን፣ ችግሩን በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ማስረጃውንና የሚመችዎትን ሌላ ጊዜ ያስገቡ። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ የራሱ ሱቅ ያለው ሰው “ገንዘብ አጣለሁ” ብቻ ካለ አይሳካለትም። የቀን ገቢውን፣ የወር ኪራዩን፣ በቦታው የሚተካው ሰው አለመኖሩን በቁጥርና በሰነድ ያሳይ። አገልግሎቱ ከ30 ቀን በላይ የሚሆን ከሆነ እርስዎ በመቅረትዎ ድርጅቱ ላይ የሚደርሰው ከባድ ጉዳትም እንደ ምክንያት ይቆጠራል፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው አሠሪው ነው።

ኢትዮጵያ ለመሄድ ትኬት ከቆረጡ የተቆረጠበት ቀን የሚታይበትን ደረሰኝ ይላኩ። መጥሪያው ከደረሰ በኋላ የተገዛ ትኬት ደካማ ምክንያት ነው። የእኛ ገና፣ ፋሲካና መስቀል በፍርድ ቤቱ ካላንደር ላይ የሉም፣ የጁምዓ ሰዓትም እንዲሁ። ለመተው ምክንያት አይሆኑም፣ ነገር ግን አስቀድሞ ለተነገረው ቀን ወይም ሰዓት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

መልስ እስኪመጣ ድረስ መጥሪያው ይጸናል። “ደብዳቤ ልኬያለሁ” ብሎ መቅረት አልፈቀድንም ሲሉ ዋጋ ያስከፍላል።

ደረጃ 5፦ ለአሠሪዎ የመጥሪያውን ቅጂ ይስጡ

በቃል ሳይሆን በኢሜይል ወይም በወረቀት ያሳውቁ፤ መቼ እንዳሳወቁ የሚያሳይ ነገር በእጅዎ መኖር አለበት። የፌዴራል ሕግ ቋሚ ሠራተኛን በፌዴራል ጁሪ ምክንያት ማባረርን፣ ማስፈራራትንና ማስገደድን ይከለክላል፤ የሚጥስ አሠሪ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ የሚጠብቀው ሥራዎን ነው፤ በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ ያልሠራበትን ሰዓት ደመወዝ አሠሪው እንዲከፍል አያስገድድም። አንዳንድ ስቴቶችና ብዙ ድርጅቶች ግን ይከፍላሉ፤ የሠራተኛ መመሪያውን ይመልከቱ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ በዋዜማው ሌሊት እንዳይመድቡዎ አሁኑኑ ይነጋገሩ። ክፍሉ ውስጥ የሚያንቀላፋ አባል ያልሰማውን ማስረጃ ይዞ ድምፅ ሊሰጥ ነው።

ደረጃ 6፦ በዋዜማው ምሽት መልእክቱን ያረጋግጡ

መጥሪያው ላይ የሚደውሉበት ቁጥር ወይም የሚያዩት ድረ ገጽ አለ። የሥራ ሰዓት ካለፈ በኋላ የቡድንዎ ቁጥር መፈለጉንና አለመፈለጉን ይናገራል። ሳያረጋግጡ ከሄዱ ያለ ጥቅም ይመላለሳሉ፤ “አልፈለጉኝም መሰለኝ” ብለው ከቀሩ ደግሞ ይቀጣሉ።

አድራሻውንም ይመልከቱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው የካውንቲው ፍርድ ቤት ሮክቪል ነው፣ የፌዴራሉ ግን ግሪንቤልት። አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ዲሲ ውስጥም የሱፒሪየር ኮርትና የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሕንፃዎች ተቀራራቢ ናቸው፣ የጁሪ ቢሮዎቻቸው ግን አይገናኙም። አንዱ ዘንድ ያገለገሉት ሌላው ዘንድ ወዲያው አይመዘገብም።

ደረጃ 7፦ የምርጫው ቀን

ለፍተሻው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። መጥሪያና መታወቂያ ይያዙ፤ ቢላዋ፣ መቀስ፣ የበርበሬ ርጭት ቤት ይተዉ። ስልክ በር ላይ የሚቀበሉ ፍርድ ቤቶች ስላሉ ልጅ የሚያወጡ ከሆነ ከስልክ ውጭ የሚደረስበትን መንገድ አስቀድመው ያመቻቹ።

የተጠሩት ከ23 በላይ ናቸው። ምርጫውን የሚመራው ዳኛ ነው፤ የተከሳሽ ጠበቃ የለም፣ እንደ ችሎት ጁሪ ጠበቆች ሰው እየመረጡ የሚያስወጡበት ሥርዓትም የለም። ዳኛው ብቃትን፣ ከባድ ችግር መኖሩንና ያለ አድልዎ መስማት መቻልን ይጠይቃል። ያልተፈቀደልዎ የማዘዋወር ጥያቄ ካለ የመጨረሻው ዕድልዎ ይህ ነው፤ ማስረጃውን በእጅዎ ይያዙ። ዳኛ ፊት ቆሞ መናገር የሚከብድዎ ከሆነ ለብቻ ቀርበው እንዲናገሩ መጠየቅ ይችላሉ።

ከዚያ 23 ስሞችና ተጠባባቂዎች ይመረጣሉ። ሃይማኖትዎ መማል የማይፈቅድ ከሆነ በመሐላ ፋንታ የማረጋገጫ ቃል ይሰጣሉ፤ በሕግ እኩል ነው። ፍርድ ቤቱ ሰብሳቢና ምክትል ይሰይማል፤ ምስክሮችን የሚያስምለውና ክሱን የሚፈርመው ሰብሳቢው ነው።

ደረጃ 8፦ ከተመረጡ በኋላ

ክፍሉ ውስጥ ዳኛ አይቀመጥም። ዐቃቤ ሕግ፣ በየተራ የሚገባው ምስክር፣ ጸሐፊው፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ ብቻ ይገኛሉ። ስትመካከሩና ድምፅ ስትሰጡ ዐቃቤ ሕጉም ይወጣል። ሥራው እንዲካሄድ ቢያንስ 16 ሰው መገኘት አለበት። ከ23ቱ ሰባት ሰው ቢጎድል ይሠራል፤ ስምንተኛው ከቀረ የቀኑ ምስክሮች ሁሉ ይመለሳሉ። ለዚህ ነው ለአንድ ቀን መቅረትም ፈቃድ የሚያስፈልገው።

ክፍያው በቀን 50 ዶላር ነው፤ ከ45 ቀን አገልግሎት በኋላ እስከ 60 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ለደርሶ መልስ ጉዞ በማይል ይታሰብልዎታል። የቀን ክፍያው ታክስ ይከፈልበታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ ስለማይቋረጥ የቀን ክፍያውን አያገኝም።

ምስጢሩ እጅግ ጥብቅ ነው። ግራንድ ጁሪ ውስጥ እንደሚያገለግሉና በየትኛው ቀን እንደሚሄዱ መናገር ይችላሉ። ማን እንደተመረመረ፣ ማን እንደመሰከረ፣ ምን እንደተባለ፣ ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ግን ለባለቤትዎም፣ ለንስሐ አባትዎም አይነገርም። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ እንኳ “አዎ፣ እሱ ነው” አይሉም። መጣስ ፍርድ ቤትን መድፈር ተብሎ ያስቀጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ተጠርጣሪው ቀድሞ ከሰማ ይሸሻል ወይም ምስክር ያስፈራራል፤ ክስ ሳይመሠረትበት የቀረ ሰውም ስሙ በከንቱ ይጠፋል።

የእኛ ማኅበረሰብ ጠባብ ነው። የሚመረመረው ወይም የሚመሰክረው ሰው የዕድር አባል፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጓደኛ ሆኖ ካገኙት ስሙን በሰሙበት ደቂቃ ለሰብሳቢው ይንገሩ፤ በዚያ ጉዳይ ላይ አይሳተፉም። ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ማንሳት ጉዳዩን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። ስለ ጉዳዩ ጉግል ማድረግ፣ ቦታውን ሄዶ ማየትም ክልክል ነው።

ስቴት ሲሆን የሚለየው

ቨርጂኒያ ውስጥ መደበኛው ግራንድ ጁሪ ከ5 እስከ 7 ሰው ብቻ ነው፣ ክስ ለመመሥረት አራት ድምፅ ይበቃል። ስሞቹም የሚወጡት የሰርኪት ኮርት ዳኞች ከሚያዘጋጁት ከ60 እስከ 120 ሰው ካለበት ዝርዝር ነው። ቴክሳስ 12 አባላት አሏት፣ ዘጠኙ መስማማት አለባቸው፤ ኮሚሽነሮች የሚያውቁትን ሰው የሚያስገቡበት የድሮ አሠራር በ2015 ቀርቶ አሁን በዕጣ ነው። ጆርጂያና ሚኒሶታ እንደ ፌዴራሉ ከ16 እስከ 23፣ 12 ድምፅ። ሜሪላንድ 23።

ካሊፎርኒያን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል። እዚያ እያንዳንዱ ካውንቲ ሲቪል የሚባል ግራንድ ጁሪ አለው፤ የአካባቢ መንግሥትን አሠራር ይመረምራል፣ ብዙውን ጊዜ ከጁላይ እስከ ጁን አንድ ዓመት ያገለግላል። በአብዛኞቹ ካውንቲዎች 19፣ በሎስ አንጀለስ 23 አባላት አሉት፤ ለመግባትም በራስ ፈቃድ ማመልከት ይቻላል። የማመልከቻ ግብዣ ከደረሰዎ ግዴታ አይደለም፤ የወንጀል ግራንድ ጁሪ መጥሪያ ከሆነ ግን ግዴታ ነው። ኒው ሜክሲኮ ደግሞ እንግሊዝኛ ባለማወቅ ምክንያት ከጁሪ መከልከልን በሕገ መንግሥቷ ስለምትከለክል “ቋንቋ አልችልም” የሚለው መልስ በስቴቱ ፍርድ ቤት አያስቀርም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ደብዳቤውን ለሳምንታት ሳይከፍቱ ማቆየት። ቅጹን ሞልቶ ጀርባውን ሳያዩ መላክ፤ ፊርማው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። አድራሻ ሲቀይሩ ዲኤምቪ ብቻ ነግሮ የመራጮችን መዝገብ መርሳት። ተመሳሳይ ስም ላለው ሰው የመጣን ደብዳቤ የራስ አድርጎ መሙላት፤ አባትና ልጅ በአንድ ቤት ሲኖሩ ይህ ያጋጥማል፣ የትውልድ ቀኑን ያመሳክሩ። በኢንተርኔት ሞልተው ማረጋገጫውን ሳያስቀምጡ መዝጋት።

ቀኑ ካለፈብዎ

አይደበቁ። በዚያው ቀን ለጁሪ ቢሮው ደውለው ቁጥርዎን ይንገሩ፣ መጠይቁ ካለ ዘግይተውም ቢሆን ሞልተው ይላኩ። ፍርድ ቤቱ የቀረ ሰውን “ለምን እንዳልቀረብክ ቀርበህ አስረዳ” ብሎ ያዛል፤ በቂ ምክንያት ካላሳየ ቅጣቱ ለሐሰት መልስ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው፦ እስከ 1,000 ዶላር፣ እስከ 3 ቀን እስራት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት። ቀድሞ የደወለ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ቀን ይሰጠዋል።

አገልግሎቱን ሲጨርሱ የምስክር ወረቀቱን ወይም የአገልግሎት ደብዳቤውን ይጠይቁና ያስቀምጡ። በፌዴራል ሕግ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ በላይ ግራንድ ጁሪ፣ ወይም ግራንድ ጁሪና የችሎት ጁሪ ሁለቱንም እንዲያገለግሉ ማስገደድ አይቻልም። ሌላ መጥሪያ ቢመጣ የወረቀቱን ቅጂ ከመጠይቁ ጋር አያይዘው ይላኩ፤ የስቴት ፍርድ ቤት ከሆነ ግን የራሱን ደንብ ስለሚከተል ይቀበል እንደሆነ ደውለው ይጠይቁ።